መብሉን የመረጠ

በሙሌት ፖይንት ወደብ ካፒቴን የሚባለው የፈቃድ ወረቀት የያዘ ሰው አይደለም። ማለዳ ጀልባዎቹ ከመነሳታቸው በፊት መድረኩ ዳር ባለችው ሻካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የቀኑን የመንጠቆ መብል መርጦ የመጀመሪያውን ቁራጭ የሚቆርጥ እሱ ካፒቴን ነው። ሌላው ሁሉ ገመድ ጎታች ነው። ሰርዲንም ይሁን፣ ስኩዊድም ይሁን፣ ነፍሱ ያልወጣ ትንሽ ዓሣም ይሁን፣ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ጀልባው ላይ ያለ ሰው አፉን ይዘጋል። ዓሣ ከተገኘ ክብሩ የመራጩ ነው። ባዶ እጅ ከተመለሱም ስድቡ የእሱ ነው።

ባሌ ሮይስ በዚያች ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆርጧል። «አፍንጫው» ይሉት ነበር። ባሕሩን አሽትቶ ግሩፐር ዛሬ ምን እንዳማረው ያውቃል ተብሎ እስከ ጎረቤት ወደቦች ድረስ ተወርቶለታል። ግሩፐር ደግሞ በቀላሉ የሚሸነገል ዓሣ አይደለም። አፈ ሰፊ፣ ደረተ ወፍራም፣ ባሕሩ ወለል ላይ ከድንጋይ ሥር ተኝቶ የመጣለትን የሚያማርጥ ጌታ ነው። ትናንት የወደደውን ዛሬ ይንቀዋል። ሮይስ ግን አይስትም ነበር።

አይስትም የነበረው እኔ ስለምነግረው ነው።

ስሜ ዊላ ነው። በጀልባችን በሚስ ኦላ ላይ ሮይስ መሪውን ሲይዝ እኔ ቢላዋ እይዝ ነበር። ወደ ወደብ ስንመለስ ከኋላ ተቀምጬ የዓሣውን ሆድ የምቀድ፣ የምጠርግ፣ መልሼ በረዶ ውስጥ የምደረድር እኔ ነበርኩ። እኛ ዘንድ ካፒቴን የዓሣ ሆድ ዕቃ አይነካም፤ የበታች ሥራ ነው። ስለዚህ ግሩፐር ምን ሲበላ እንደሰነበተ የሚያውቀው ሆዱን የቀደደው ሰው ብቻ ነው። ማታ እራት ላይ «ሮይስ፣ ዛሬ ሆዳቸው ሁሉ ሰርዲን ነው» እለዋለሁ። በማግስቱ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፣ አፍንጫውን ያንቀሳቅሳል፣ ሰርዲን ይቆርጣል። ሰው ያጨበጭባል። መጀመሪያ መጀመሪያ ነገሩ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ሳቁ አለቀብኝ፤ ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ኖርኩ።

ባለፈው ሚያዝያ ሮይስ ቁርስ ላይ የበቆሎ ገንፎውን ማንኪያ እንደያዘ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፣ ንግግሩም ሄደ። ከዓለም ቃል ሁሉ አንዲት ብቻ ተረፈችው፤ «አይደለም»። ቡና ትፈልጋለህ? አይደለም፤ ብሎ ይጠጣል። በረደህ? አይደለም፤ ብሎ ብርድ ልብሱን ይስባል። ጠረጴዛው ላይ መብል ይቆርጥበት የነበረውን ነጭ እጀታ ያለውን ቢላዋውን ደግሞ ከነአፎቱ በግራ እጁ ጨብጦ ይውላል። ሐኪሙም፣ ቄሱም፣ እኔም ልናስጥለው አልቻልንም።

ሚስ ኦላ ታስራ ቆመች። እኔም ዓሣ ማራገፊያው ውስጥ የሌላ ሰው ዓሣ ስቀድ ከረምኩ። የወደቡ ትንንሽ ጀልባዎች ዓሣቸውን ሆዱን ሳይቀዱ በበረዶ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረግፉታል። በፊት የማውቀው የአንድ ጀልባ ዓሣ ሆድ ነበር፤ አሁን የወደቡን ሁሉ አወቅኩ። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ቢላዋ የያዘች ሴትዮ ምን ታያለች ብሎ ማን ያስባል?

በኅዳር አንድ እሁድ ከሰዓት የሮይስ ታላቅ ወንድም ዴልማር በረንዳችን ላይ ብቅ አለ። ከኋላው ትሬንት የሚባል አጥማጅ አስከትሏል፤ ከሌላ ወደብ የመጣ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ግድም የሚሆነው፣ ጥቁር መነጽሩን ከባርኔጣው ላይ የማያወርድ ሰው ነው። ሚስ ኦላ የተሰየመችው በሁለቱ ወንድማማቾች እናት ነው፤ ግማሿ የዴልማር፣ ግማሿ የሮይስ ናት። ዴልማር ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ መጀመሪያ ይናገርና ቀጥሎ ማሰቡ ነው። ሮይስ አጠገብ ወንበር ስቦ የተቀቀለ ለውዝ እየፈለፈለ፣ የብርዱን ወራት ትሬንት ጀልባዋን እንደሚመራት፣ እኔም ከፈለግኩ እንደ ድሮው ከኋላ ሆኜ ሆድ መቅደድ እንደምችል ነገረኝ። እንደ ድሮው።

«ሚስ ኦላን የምመራት እኔ ነኝ» አልኩት።

ትሬንትን ሳል ያዘው። ዴልማር ግን ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ ጆሮው የደነቆረ ይመስል ጮክ ብሎ፣ «ሮይስ፣ ዊላ ጀልባ መምራት ትችላለች?» አለው።

«አይደለም» አለ ሮይስ።

«ይኸው። ከራሱ አፍ ሰማሽ።»

«ትሬንት ይምራት?» ብዬ ባሌን ጠየቅኩት።

«አይደለም።»

«ዛሬ እሁድ ነው?»

«አይደለም።»

ዴልማር ለውዙን ትቶ ባርኔጣውን አስተካከለ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ባሌ ጤነኛ በነበረ ጊዜ ዴልማር በዚህ በረንዳ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አሁን አጥሬን ሲነቀንቀው ደሜ ፈላ። ለቅሶም መጥቶብኝ ነበር፤ ለሱ አላሳየሁትም። በለቅሶው ፈንታ የእማማ ኦላን መስመር አነሳሁበት።

አማቴ እማማ ኦላ በሕይወት ሳሉ በጀልባዋ የበረዶ ሳጥን ውስጥ፣ ከአፉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ፣ በነጭ ቀለም መስመር አስምረው ነበር። የመጣው ዓሣ መስመሩን ካላለፈ «ባሕር ወረድን አትበሉኝ፣ ሽርሽር ነው የሄዳችሁት» ይላሉ፤ ማዕድ ላይም የሚቀርበው የትናንት ዳቦ ነው። እሳቸው ከሞቱ አሥራ አራት ዓመት ሆነ፣ ልጆቻቸው ግን ሽበታቸውን ይዘው ያችን መስመር እስካሁን ይፈራሉ።

«ማክሰኞን ስጠኝ» አልኩት። «አንተም ና፣ እሱም ይምጣ። ከእማማ መስመር በታች ከተመለስኩ ቁልፉን በገዛ እጄ ለትሬንት እሰጣለሁ፣ ስለ መሪም ሁለተኛ አላነሳም። ካለፍኩ ግን ሁለተኛ የማታነሳው አንተ ነህ።»

በእናቱ መስመር ላይ እምቢ ማለት አልሆነለትም። ተነስቶ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ዊላ» አለኝ።

«ዘንዶም ቢሆን ሳጥኑን ከሞላልኝ ይቆጠርልኛል» አልኩት።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ስለ መብሉ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰሜን ነፋስ ሁለት ጊዜ ነፍሶ ውሃው ቀዝቅዟል። ወደቡ ሁሉ የሙጥኝ ያለው ፒንፊሽን ነበር። መዳፍ የምታክል ጀርባዋ እሾሃም ዓሣ ናት፤ በሕይወቷ መንጠቆ ላይ ትሰካና ትንፈራገጣለች፣ ግሩፐር እሷን አይቶ አያልፍም ይላሉ። ይዘው የሚመጡት ግሩፐር ግን ሦስትና አራት ብቻ ነው። እነዚያን ስቀዳቸው ሆዳቸው ውስጥ የማገኘው ሌላ ነገር ነበር፤ ግማሹ የተፈጨ የኦክቶፐስ ክንድ፣ ከሱም ጋር ያች የወፍ ምንቃር የመሰለች ጥቁር አፉ። ባዶው ሜዳ ከሚባለው የባሕር አካባቢ በመጣ አንድ ዓሣ ሆድ ውስጥ አምስት ምንቃር ቆጥሬአለሁ። ግሩፐሮቹ ፒንፊሹን የጎረሱት ፊታቸው ስለተንጠለጠለ ነው። የሚያድኑት ሌላ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ወደ ሚስተር አሞስ ሄድኩ። ሚስተር አሞስ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሸርጣን ያጠመዱ ሽማግሌ ናቸው፤ በዓለም ላይ እንደ ኦክቶፐስ የሚጠሉት ፍጡር የለም። ወጥመዳቸው ውስጥ ገብቶ ሸርጣኑን ይበላባቸውና ቅርፊቱን ይተውላቸዋል። የያዙትን ሁሉ ከድንጋይ ጋር አላትመው ለወፍ ይጥሉታል። የሚጥሉትን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

«ሌባ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ምን ሊያደርግልሽ?»

«ሌባን በሌባ ላስይዝ ነው» አልኳቸው። ሳቁና ሁለት ባልዲ ሞሉልኝ። እግረ መንገዳቸውንም መንጠቆ እንዲገባለት ብለሽ አትቀቅይው፣ መላተሙ ይበቃዋል ብለው መከሩኝ።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ሰው ከወትሮው በርክቶ መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር። ወሬው ደርሷቸዋል። ሮይስን በተሽከርካሪ ወንበሩ ገፍቼ ጠረጴዛው አጠገብ አቆምኩት። ትሬንት ከሌሊት ጀምሮ የጀልባዋን የውሃ ጋን ሕይወት ባላቸው ፒንፊሾች ሞልቶታል። መቶ ይሆናሉ። ዴልማር «ለማንኛውም ይኑር ብዬ ነው» አለኝ፤ እኔ ሳልጠይቀው።

መጀመሪያ ወደ ባሌ ጎንበስ አልኩ። የመብል ቢላዋው ከእጁ ወደ እጄ ቢያልፍ ሰው ሁሉ ነገሩ ይገባው ነበር። እጄን ዘርግቼ «ስጠኝ፣ ሮይስ» አልኩት። ነጩን እጀታ ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ልወስደው ስሞክር ወደ ደረቱ ሳበውና «አይደለም» አለ፣ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ። ዴልማር ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላ አንዱ ዝቅ አድርጎ ሳቀ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። ጠላሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ክብሬን ተበደረኝ፣ ዛሬ እንኳን አንድ ቢላዋ ነፈገኝ አልኩ በልቤ። ከወገቤ የራሴን የሆድ መቅደጃ መዘዝኩ፤ አጭር፣ እጀታው የጠቆረና በሲባጎ የተጠመጠመ ነው። ከሚስተር አሞስ ባልዲ ትልቁን ኦክቶፐስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩትና አንዱን ክንድ ከሥሩ ቆረጥኩት።

ወደቡ በሳቅ ፈረሰ። ትሬንት «ሚስ ዊላ፣ ይሄ ለዓሣው ነው ለምሳችን?» አለኝ። ዴልማር ወደ ጆሮዬ ቀርቦ፣ እንዳልዋረድ፣ ቢያንስ ፒንፊሹንም ደርቤ እንድይዝ ለመነኝ። በቅንነት ነበር። እኔ ግን በዚያን ሰዓት ቅንነት የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም። ጀልባዋ ላይ ዘልዬ ወጥቼ በመቅጃ መረቡ ፒንፊሹን ከጋኑ እየዛቅኩ ወደብ ውስጥ ደፋሁት። እስከ መጨረሻዋ። ውሃው ላይ ብር ብር ብለው ጠፉ።

«አንዲት ጀልባ ሁለት መብል አትጭንም» አልኩ። ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያለ ድምፅ ግን ሰምቻለሁ።

ሮይስን ለሚስተር አሞስ አደራ ሰጥቼ፣ ከዴልማርና ከትሬንት ጋር አርባ ማይል ያህል ወደ ምዕራብ ወጣን። መሪውን ይዤ በቀጥታ ወደ ሮይስ ቦታዎች ሄድኩ። ከባሕሩ ሥር እንደ ደረጃ የተሰበረ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ስሙን ያገነነው እዚያ ነው። ጥልቀቱ መቶ ሠላሳ ጫማ ይሆናል። የእርሳሱ ክብደት ገመዱን ይዞ ሰጠመ፣ ወለሉን ነካ፣ ጠበቅን። ምንም። ቦታ ቀየርን፣ አሁንም ምንም። ሦስተኛው ላይ ሁለት ትንንሽ ወጡ፤ ሕግ ከሚፈቅደው መጠን አንሰው ወደ ውሃ መለስናቸው። ረፋዱ አለፈ። በረዶው ሳጥኑ ውስጥ ንጹሕ እንደሆነ ተኝቷል፣ ነጯ መስመርም ሩቅ ናት።

ትሬንት መቀለዱን አቆመ፤ ጨዋ ሆነ። ከስድቡ ይልቅ ጨዋነቱ አመመኝ። ዴልማር ዳቦውን በተጨሰ ዓሣ እየበላ ራቅ ብሎ ባሕሩን እያየ «ሮይስ ቢሆን ይሄኔ አሽትቶ ነበር» አለ። ለክፋት አይደለም። እንዲሁ ወንድሙ ናፍቆት ነው።

ያች ቃል ግን ነቀነቀችኝ። ሮይስ አሽትቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ምን እያደረግኩ ነው? መብሉን በራሴ ዓይን መርጬ፣ ቦታውን በሮይስ አፍንጫ መርጫለሁ። ኦክቶፐስ የሞላቸው ሆዶች አንዳቸውም ከዚህ ድንጋይ አልመጡም። የመጡት ከባዶው ሜዳ ነው፤ ትልልቆቹ ካፒቴኖች ከሚስቁበት፣ ሞተራቸው የደከመ ጀልባዎች ብቻ ከሚቆሙበት ጠፍጣፋ ወለል። እዚያ ድንጋይ የለም፣ ቅርፊትና ጉድጓድ ብቻ ነው። ኦክቶፐስ የሚኖረው ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ፣ ሰው በሚያከብረው ቦታ ላይ ብወድቅ ውርደቱ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

«ገመድ ሰብስቡ» አልኩ። ወዴት ነው ሲለኝ ለዴልማር ነገርኩት። እዚያ አሸዋ ነው የምታጠምጂው አለኝ። «መብሉን የቆረጠው ማን ነው?» አልኩት። አፉን ዘጋ። የእናቱ ልጅ ነው፤ ሕግ ያውቃል።

ባዶው ሜዳ አንድ ሰዓት ወሰደብን። ሙሉ ክንድ፣ ሳልቆራርጥ፣ መንጠቆው ላይ ሰካሁና ለቀቅኩት። ወለሉን ከነካ ሃያ እንኳ አልቆጠርኩም፤ ገመዱ ከበደ። ክብ መንጠቆ አይነጠቅም፤ ዝም ብለህ ታጠነጥናለህ፣ ዓሣው ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ራሱን ከንፈሩ ጥግ ላይ ይሰካል። ትሬንት እጁ አላስችል ብሎት ነጠቀና አመለጠው። «አትንጠቅ፣ አጠንጥን» አልኩት። ሁለተኛውን አጠነጠነ። ቀይ፣ ሆዱ ያበጠ፣ እንደ ባልዲ አፉን የከፈተ ግሩፐር የጀልባዋ ወለል ላይ ወደቀ። ትሬንት ጥቁር መነጽሩን አውልቆ አየው።

ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ፒንፊሽም ሰርዲንም ቢሆን ወለሉ ላይ ያሉት ቃሚ ትንንሽ ዓሦች ግሩፐሩ ሳይደርስ ልጠው ይጨርሱት ነበር። የኦክቶፐስ ክንድ ግን እንደ ጎማ ነው፤ ጎትተው ጎትተው ይተዉታል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ዴልማር በስድሳ ሦስት ዓመቱ ሸሚዙን አውልቆ ጎተተ። ሳጥኑ መሙላት ጀመረ። እኔ መሪው ላይ ሆኜ የሚቀድ ሰው ስላልነበር ዓሣውን እንዳለ በረዶ ውስጥ አጋደሙት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው ባልዲ አለቀ። ዴልማር የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ እጁን አስገባና ለካ። ሁለት ጣት ይቀራል። ለነጯ መስመር ሁለት ጣት።

ማንም ስለ ፒንፊሹ አላነሳም። ቢያነሱ ይሻለኝ ነበር። መቶ ፒንፊሽ በገዛ እጄ ደፍቼ፣ ከሥሬ ባሕር ሙሉ ዓሣ ይዤ፣ መንጠቆዬ ባዶውን ቀረ። ዴልማር ቀስ ብሎ «ደህና ሞክረሻል፣ ዊላ» አለኝ። ሐዘኑ ከልቡ ነበር። ከአንጀት ከሆነ ሐዘን ይልቅ ግን በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገኝ አንድ ቁራጭ መብል ነበር።

«መሪውን ያዝልኝ» አልኩት። ሳጥኑን ከፍቼ ትልቁን ግሩፐር ጎትቼ አወጣሁ። ጥቁሩን ቢላዋዬን ከወገቤ መዝዤ ሆዱን ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት፣ የጨጓራ ከረጢቱን በእጄ ዘረገፍኩት። ዛሬ ራሱ የዋጠው፣ ገና ያልተፈጨ፣ የእኔ መንጠቆ ያልነካው ሙሉ ኦክቶፐስ ወጣ። ሁለተኛውን ቀደድኩ፤ ሁለት ክንድ። ሦስተኛው ባዶ ነው። አራተኛው ሆድ ውስጥ ትናንሽ ሦስት ነበሩ። እየጠራረግኩ መንጠቆው ላይ ሰካሁ፣ ለትሬንትም ሰጠሁት። የቀደድኳቸውንም ወደ በረዶው መለስኩ።

ዴልማር መሪውን እንደያዘ ዞሮ እጄን ሲያይ ቆየ። በዕድሜው የዓሣ ሆድ ሲከፈት ያየ አልመሰለኝም። «እንዲህ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ገመዴ ከብዶ ነበር፤ ማጠንጠን ጀመርኩ።

አሥራ አንድ ዓሣ ከሆድ በወጣ መብል ያዝን። የመጨረሻውን ትሬንት ሲያጋድም ነጯ መስመር ከሥሩ ጠፋች። ዴልማር ጎንብሶ በጣቱ ፈለጋትና አጣት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደብ ገባን። ሰው ሁሉ ቆሟል፣ ሮይስም ወንበሩ ላይ እንዳለ ጠረጴዛው አጠገብ ነው፤ ሚስተር አሞስ ሲጠብቁት ውለዋል። ዴልማር ክዳኑን አንስቶ ለሕዝቡ አሳየ። ከእማማ መስመር በላይ ነው፣ ቃሌ ቃል ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚስ ኦላ ካፒቴን ዊላ ናት አለ። ሰውየው ከተሸነፈ በኋላ እንዲህ ቀጥ ይላል። ይህን ብሎ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። እንደ ልማዱ ግን ሳያስብ ቀጠለና ወንድሙን በትከሻው አቀፈው። «አፍንጫህን ለሚስትህ አወረስክ፣ ወንድሜ። ደህና አድርገህ ነው ያስተማርካት።»

ሰው አጨበጨበ። ለሮይስ።

ያው የድሮው ጭብጨባ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ግን አንደበት የሌለውን ሰው በአደባባይ ምን ብዬ ልክሰሰው?

«አይደለም» አለ ሮይስ።

ሰው በፍቅር ሳቀለት። እሱ ሁሉንም አይደለም ነው የሚለው።

«አይደለም» አለ ደግሞ፣ ጮክ ብሎ። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ግራ እጁን ወደ ላይ አነሳና ያንን ነጭ እጀታ ያለውን ቢላዋ፣ ከነአፎቱ፣ በሰው ራስ ላይ አሳልፎ ባሕር ውስጥ ወረወረው። ሮይስ ባዶ እጁን ደረቱ ላይ መታ አደረገ። «አይደለም» አለ፣ ዴልማርን እያየ። ቀጥሎ የኔን እጅ ያዘ፤ ጥቁሩን ቢላዋዬን ላጥበው መዝዤ ይዤዋለሁ፣ እስከ ክርኔ ደምና አተላ ነኝ። ከነቢላዋው ጎትቶ የመብል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና በእጁ ተጭኖ ያዘው። በዚህ ጊዜ «አይደለም» አላለም።

ዴልማር ባርኔጣውን አወለቀ። ጀልባው ላይ ያየውን፣ መብሉ የሚታወቀው ከዓሣው ሆድ እንጂ ከአፍንጫ እንዳልሆነ፣ ለሕዝቡ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገራቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጨበጨቡ እጆች ምን እንደሚሆኑ አያውቁም ነበር።

ጠዋት ቢላዋውን ለምን እንደነፈገኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያንን የአፍንጫ ውሸት ወደ እኔ ማሳለፍ አልፈለገም። ቢገባኝም ንዴቴ አልወጣም። እንባዬ እየወረደ ጎንበስ ብዬ «በጣም ዘገየህ» አልኩት።

«አይደለም» አለኝ።

ትሬንት ገመድ አስሮ ጨርሶ መጣ። መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነው። «ካፒቴን» አለኝ፣ «ነገ ምን እንቆርጣለን?»

«ገና ሆዳቸውን አላየሁም» አልኩት። ከሳጥኑ የላይኛውን ግሩፐር አንስቼ፣ የሆድ ዕቃ ነክቶት በማያውቀው የመብል ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩትና ሰው ሁሉ እያየ ቀደድኩት።